የአቶ ላሚሶ ድምፅ የጠፋበት ሳምንት

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የተላከልኝን ዕቃ ልቀበል ሐዋሳ መናኸሪያ ሄጄ ነበር። ሹፌሩ በስልክ «ሻሸመኔ ገብቻለሁ» አለኝ። ሻሸመኔ ገብቻለሁ የሚል ሹፌር ሞጆን ካለፈም ትልቅ ነገር እንደሆነ በዕድሜዬ ብማርም፣ አመንኩትና ቀድሜ ደረስኩ። ሰማዩ የግንቦት ሰማይ ነው፤ ጠዋት ሲያቃጥል ይውልና ከሰዓት አዘንባለሁ እያለ ያስፈራራል። አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆሜ የማንጎና የናፍጣ ሽታ እየሳብኩ ስጠብቅ፣ ከጀርባዬ አንዲት ሴት በስሜ ጠራችኝ።

«ዳዊት! አንተ ዳዊት አይደለህም እንዴ?»

እትዬ አማረች ነበረች። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት አንድ ቢሮ አብረን ሠርተናል። ያኔ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ አሁን ከሻሿ ሥር ያመለጠው ፀጉሯ ሸብቷል፣ ጉልበቷም እንደሚያማት ከአቋቋሟ ያስታውቃል። አቮካዶ የሞላበት ማዳበሪያ እግሯ ሥር አስቀምጣ፣ ከከተማው ጫፍ ወዳለችው ቱላ የሚሄድ ታክሲ ትጠብቃለች። አቀፈችኝ፤ ትከሻ ለትከሻ እየተጋጨን ብዙ ጊዜ ሰላም ተባባልን። ከዚያ አጠገቧ ወደ ቆመችው ልጇ ዞረች።

«ይሄውልሽ ያ የምነግርሽ ልጅ። የአያትሽን ድምፅ ለማትረፍ ሦስት ቀን እህል ሳይቀምስ የሠራው እሱ ነው። ጌታ ይባርከው።»

ልጅቱ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። ፊቴ ጋለ። «ኧረ ተይው እትዬ አማረች» አልኳት።

«ምኑን እተወዋለሁ! አንተማ የቻልከውን አድርገሃል። ጥፋቱ የኔ ነው። ያን ቀን መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሬን ቶሎ አጥፍቼው ቢሆን ኖሮ የአባባ ድምፅ ዛሬ ይኖር ነበር። በየነም እንዲህ አይሆንብኝም ነበር።»

በየነ ታላቅ ወንድሟ ነው። አባታቸው ሲሞቱ ቤቱን የያዘው እሱ ነው። «እስከ ዛሬ?» አልኳት።

«ሰላም ይለኛል። ሠርግም ለቅሶም አብረን እንቀመጣለን። የአባባ ስም ሲነሳ ግን ተነስቶ ይወጣል። እኔ ባለሁበት ስለ አባባ አንድ ቃል አያወራም። አሥራ ሰባት ዓመት።»

አፌን ከፈትኩ። እዚያው፣ በዚያ በረንዳ ላይ፣ መናገር ነበረብኝ። አውቶቡሱ በዚያች ቅጽበት ገባ፤ ረዳቱ ስሜን ሲጠራ «መጣሁ!» ብዬ ሮጥኩ። ዕቃዬን ይዤ ስመለስ ታክሲያቸው ሄዷል። እውነቱን ልናገርና፣ ሆን ብዬ ነው የዘገየሁት። ፈርሜ የጨረስኩትን ወረቀት ለሁለተኛ ጊዜ ሳነብ ነበር።

ሦስት ቀን እህል አለመቅመሴ እውነት ነው። ከዚያ የቀረው ውሸት ነው፤ ውሸቱም የኔ ነው።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ኮምፒውተር ተምሬ ወደ ሐዋሳ ስመለስ ከተማው እኔን ሲጠብቅ የኖረ ይመስለኝ ነበር። እናቴ መናኸሪያ አካባቢ የቤት ዕቃ ሱቅ ነበራት፤ ለሚገባ ለሚወጣው ሁሉ «ልጄ ኢንጂነር ነው» ትላለች፤ እኔም አላርማትም። ሥራ ያገኘሁት ባህል አዳራሽ አጠገብ፣ በኪራይ ቪላ ውስጥ በነበረ ትንሽ ፕሮጀክት ነው። የሲዳማ ሽማግሌዎችን ንግግር በድምፅ እንቀዳለን፣ ቃል በቃል እንጽፋለን፣ እናስቀምጣለን። የቦታ ስም፣ የጎሳ ታሪክ፣ የዕርቅ ሥርዓት፣ የእንሰት ዓይነት፣ ሽማግሌዎቹ ይዘውት እንዳይሄዱ የሚፈራውን ሁሉ።

አለቃችን አቶ ታደሰ ነበሩ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ፣ እንግዳ የሚወዱ፣ ጠዋት ሲገቡ «ደረሰ?» ከሰዓት ሲወጡ «ደረሰ?» የሚሉ ሰው። ሦስት ኮምፒውተር ነበረን፤ አንዱ የእትዬ አማረች፣ አንዱ የዳንኤል፣ አንዱ የኔ። ዳንኤል በቤተ ክርስቲያኑ የመዝሙር ቡድን መሪ ነበር፤ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ የሽማግሌ ንግግር ሲጽፍ እንኳ በእግሩ ምት ይመታል።

ድምፁ ሁሉ የሚቀመጠው በአንድ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ላይ ነበር። ዲስኩ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፤ አዟዟሩም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ዲስኩን የፈለገ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ «አፊኒ?» ይላል። አፊኒ በሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት። ሁሉም መስማቱ ሳይታወቅ አይፈረድም፣ አይወሰንም፣ ንግግሩም አይቀጥልም። የቢሮው ሰዎች ይህን ከቤታቸው ይዘውት መጥተው ለዲስክ አዋሉት። አንዱ «አፊኒ?» ሲል ዲስኩ የተሰካበት ሰው የጀመረውን ያስቀምጣል፣ በሥርዓት ይነቅላል፣ «ሰምቻለሁ» ብሎ በእጁ ይሰጣል። አንዳንድ ቀን ተራ መጠበቁ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ እነሱ በዚያ ግማሽ ሰዓት ይጨዋወታሉ፣ ለውዝ ይቆረጥማሉ። እኔ አንጀቴ ያርራል። በኮምፒውተር ዘመን ዲስክ እየተለመነ! በፊታቸው እስቅባቸው ነበር።

አቶ ላሚሶ የእትዬ አማረች አባት ናቸው። ሽማግሌ ሆነው የሚያስታርቁ፣ ለቱላና ለአካባቢው የዳኝነት ሰው ነበሩ። እሳቸውን ለመቅዳት እኔና እሷ ዘጠኝ ቀን ተመላለስን። አስፋልቱን ትተን በእንሰቱ መሃል በእግር እንገባለን፤ ክረምት ስለነበረ ጭቃው ጫማዬን ይነጥቀኛል፤ እትዬ አማረች የሷን በእጇ አንጠልጥላ እየሳቀችብኝ ከፊቴ ትሄዳለች። አባቷ ደጃፉ ላይ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ይጠብቁናል። ሲናገሩ አይቸኩሉም። ሲጨርሱ ከእንሰት በቅቤ የሚሠራው ቡርሳሜ ይቀርባል፤ ቅቤው በጣቶቼ መሃል እየወረደ፣ እርጎ እየጠጣሁበት እበላለሁ። እስከ ዛሬ ያን የመሰለ ቡርሳሜ አልበላሁም፤ ወይም አፍሬ ስለሆነ ሌላው አይጥመኝም።

አንድ ቀን መቅጃዬን ስሰበስብ እጄን ያዙኝና፣ «ልጄ፣ ይቺ ዕቃ እኔ ከሞትኩም ትናገራለች?» አሉኝ።

«ትናገራለች አባባ። እርስዎም እኛም ከሌለን በኋላ ትናገራለች» አልኳቸው።

ከዘጠነኛው ቀን በኋላ አንድ ወር አልቆዩም። አመማቸው፣ ተኙ፣ አልተነሱም። ለቅሶ ላይ በየነ እህቱን ለብቻዋ ጠርቶ «ድምፁ አለ አይደል?» አላት፤ አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። «አለ» አለችው። «ጽሑፉን ልጨርስና ከነጽሑፉ በሲዲ አመጣላችኋለሁ። ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ይሰማዋል።» እሱም እሺ አለ። መቅጃችን ትንሽ ስለነበረች ድምፁን ወደ ዲስኩ ከገለበጥን በኋላ አጥፍተን ለሌላ ሽማግሌ ነበር የምንጠቀምባት። ስለዚህ አቶ ላሚሶ ያሉት ዲስኩ ላይ ብቻ ነው።

እትዬ አማረች የአባቷን ንግግር ሌላ ሰው እንዳይጽፈው ለመነች። በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ትሰማለች፤ ከዚያ በላይ አትችልም። ማዳመጫዋን አውልቃ መስኮቱ ጋ ትሄድና ትመለሳለች። በሁለት ወር የጻፈችው የሁለት ቀኑን ብቻ ነበር፤ እሱም እዚያው ዲስክ ላይ ነበር የሚቀመጠው።

በዚህ መሃል ነው እኔ ለአቶ ታደሰ ሐሳብ ያቀረብኩት። አንድ ትልቅ ማከማቻ ይገዛ፤ ሦስቱም ኮምፒውተሮች በሽቦ ይያያዙበት፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ያንኑ ዲስክ ይይ፣ ያንኑ ይጻፍበት። ልመና ይቅር፣ ተራ ይቅር። አቶ ታደሰ ደስ አላቸው። ዕቃው ከአዲስ አበባ መጣ፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ሲበራ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም ሳጥን።

ነገሩ ግን የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም፤ ይህንንም አውቅ ነበር። የተለመደው የፋይል አሠራር ዲስኩ አንድ ባለቤት ብቻ እንዳለው ነው የሚቆጥረው። ኮምፒውተሩ የቱ ቦታ ባዶ፣ የቱ የተያዘ እንደሆነ አንዴ ያይና በራሱ ማስታወሻ ይይዛል፤ በየደቂቃው ተመልሶ አያይም። ሦስት ኮምፒውተር አንድ ዲስክ ላይ ብታያይዝ ሦስቱም ባለቤቱ እኔ ብቻ ነኝ ይላሉ። እኔና እህቴ ጠዋት የእናታችንን መጋዘን ለየብቻ አይተን፣ ሳንነጋገር፣ ባዶ ነው ባልነው አንድ መደርደሪያ ላይ ዕቃ ብንጭን እንደማለት ነው፤ ልዩነቱ ዲስክ ላይ የኋለኛው ዕቃ የፊተኛውን ያጠፋዋል። ለዚህ ሲባል የተሠራ ሌላ አሠራር አለ፤ ክላስተር ይሉታል። በእሱ ማሽኖቹ ከመጻፋቸው በፊት እርስ በርስ ይጠያየቃሉ፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ይጠብቃል። አንዱ ድንገት ዝም ካለ ደግሞ ሌሎቹ ከዲስኩ ይቆርጡታል፣ ሳያውቅ ተመልሶ እንዳያበላሽ። ቁጭ ብለው ያሰቡ ትልልቅ ሰዎች የደረሱበት መላ እኔ ስስቅበት የነበረው ያ የቢሮው ጥያቄ መሆኑ ያኔ አልታየኝም።

ሁለት ሳምንት ሞከርኩ። መብራቱ በተወላገደ ቁጥር ማሽኖቹ ይጠፋፋሉ፣ አንዱ ሌላውን ይቆርጠዋል፣ ሁሉም ቆመው ይቀራሉ። መቆማቸው ትክክል ነበር፤ የተሠሩት እንዲያ እንዲያደርጉ ነው። ለኔ ግን ውርደት መሰለኝ። ሐሙስ ዕለት ፕሮጀክቱን የሚረዱ እንግዶች ሊመጡ ነው። ሰኞ ጠዋት አቶ ታደሰ በሁሉም ፊት «ደረሰ?» አሉኝ።

«ደርሷል» አልኩ።

አልደረሰም ነበር። ከሰዓት በኋላ ያን ማሽኖቹን እርስ በርስ የሚያጠያይቅ አሠራር እንዳለ አንስቼ ጣልኩት፤ ሳጥኑን ለአንድ ማሽን በተሠራው ተራ አሠራር አዘጋጅቼ ለሦስቱም ከፈትኩት። ሠራ። እንዴት ያለ ሥራ! ሦስቱም ስክሪን ላይ ያው ፋይል ታየ። ዳንኤል አጨበጨበ። እትዬ አማረች ግን ቆማ ሳጥኑን አየችና፣ «ዳዊት፣ እኔና ዳንኤል አንድ ላይ ብንጽፍ ማሽኖቹ ይሰማማሉ? ማን ለማን ይነግራል?» አለችኝ።

ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላም ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የጠየቀኝ ባለሙያ የለም። የኔን መልስ ስሙት፦ «እትዬ አማረች፣ ይሄ ኮምፒውተር ነው እንጂ ሸንጎ አይደለም።» ዳንኤል ሳቀ። አቶ ታደሰም ፈገግ አሉ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ጆሮዋ ግን ቀላ።

ቀስ ብላ መጥታ፣ «እሺ፣ የአባባ ግን በፊተኛው ዲስክ ላይም ይቆይልኝ። አደራህን» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት።

ማክሰኞ ጠዋት ዳንኤል የፊተኛውን ዲስክ ሰክቶ ሲሠራበት አገኘሁት። አዲሱ ቀፈፈው መሰለኝ። ተናደድኩ። ዲስኩ ቢሮው ውስጥ እስካለ ድረስ ወደሱ መመለሳቸው አይቀርም። ምሳ ሲወጡ ወሰድኩትና፣ ሁሉም ወደ ሳጥኑ ተገልብጧል ብዬ፣ አጠፋሁት። ሙሉ በሙሉ። አደራ ማለቷን ረስቼ አይደለም፤ እጄ ቁልፉ ላይ እያለ ትዝ ብሎኛል። «ምን ይሆናል፣ ሳጥኑ ላይ አለ» ብዬ ተጫንኩት። ይህን እስከ ባለፈው ቅዳሜ ድረስ ለሰው ተናግሬው አላውቅም፤ ለሚስቴም ጭምር።

ረቡዕ ከምሳ በፊት እትዬ አማረች ጠራችኝ። ማዳመጫዋን ሰጠችኝ። አቶ ላሚሶ ይናገራሉ፤ ድንገት በመሃል የአንዲት አሮጊት ድምፅ ገባ፣ ትንሽ ተናገረች፣ ከዚያ ጩኸት፣ ከዚያ እንደገና አቶ ላሚሶ። አሮጊቷ ዳንኤል ያን ሰሞን የሚጽፋት ሴት ነበረች።

«አባባ ሲናገር ሰው አያቋርጠውም» አለች እትዬ አማረች። ፈርታ ነበር።

ወዲያው ገባኝ። የዳንኤል ኮምፒውተር ባዶ ነው ብሎ በአባቷ ላይ ጽፏል። በዚያች ደቂቃ ሁሉም ይቁም፣ ማንም እንዳይነካ ብል ኖሮ ዘጠኙ ቀን ምናልባት ስምንት ተኩል ሆኖ ይተርፍ ነበር። ግን ይቁም ማለት ደርሷል ያልኩት አልደረሰም ማለት ነው፤ እንግዶቹ ደግሞ ነገ ናቸው። «ሪስታርት አድርጊው፣ ይስተካከላል» አልኳትና ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መብራት ሄደ። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሮቹን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆዩት ባትሪዎች መጮህ ጀመሩ። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተር ቶሎ እንዲጠፋ አስተምሬያቸው ስለነበር ዳንኤል አጠፋ፤ እኔም አጠፋሁ። እትዬ አማረች ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የአባቷን ድምፅ ከተበላሸበት ወዲያ እየፈለገች ነበርና የባትሪውን ጩኸት አልሰማችም። ማሽኗ ራሱ እስኪሞት ቆየ። ለዲስኩ ይህ ምንም አልነበረም ማለት ይቻላል፤ እሷ እየሰማች እንጂ እየጻፈች አልነበረም።

መብራቱ ሲመለስ የዳንኤል ማሽን ቀድሞ ተነሳ። እኔ ከኔ ማሽን የተበላሸ ዲስክ የሚጠግነውን ፕሮግራም አስነሳሁ። ይህ ፕሮግራም ዲስኩን ሌላ ማንም እንዳልያዘው አምኖ ነው የሚሠራው፤ ዳንኤል ግን ይዞታል። አንዱ ይጠግናል፣ አንዱ ይጽፋል። ፕሮግራሙ «ላስተካክል?» ይለኛል፣ አዎ እላለሁ፤ «ላስተካክል?» አዎ፤ «ላስተካክል?» አዎ። ስንት ጊዜ እንዳልኩ አላውቅም። ሲጨርስ ማህደሮቹ ባዶ ነበሩ። በአንድ ጥግ ስም የሌላቸው ብዙ ሺህ ቁርጥራጮች ተከምረዋል።

አቶ ታደሰ በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። ዳንኤልም ተነሳ። ሁሉም ያዩኛል። እኔም፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «መብራቱ ነው» አልኩ። እዚህ አገር ይህን የሚጠራጠር ሰው የለም። እዚያ ላይ ባቆም እንኳ አንድ ነገር ነበር። ግን የባለሙያ ወግ ይዞኝ ቀጠልኩ፦ «መብራት ሲሄድ ሳይዘጋ የሚቀር ማሽን ካለ ዲስኩን እንዲህ ያደርገዋል።»

የማን ማሽን ሳይዘጋ እንደቀረ ሁሉም ያውቃል። ስም አልጠራሁም፤ ይህንንም ለዓመታት ለራሴ እንደ ማስተባበያ አቅርቤዋለሁ። እትዬ አማረች እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ታች አየቻቸው። ከዚያ በጣም በዝግታ፣ «በፊተኛው ዲስክ ላይ አለ አይደል?» አለችኝ።

«እሱም አብሮ ተበላሽቷል» አልኳት።

ሐሙስ እንግዶቹ መጡ። ሳጥኑ እያጉረመረመ በሦስት ስክሪን ላይ የሆነ ነገር አሳየኋቸው። አቶ ታደሰ «ወጣቱ ባለሙያችን» ብለው አስተዋወቁኝ፤ ጨበጡኝ። ከዚያ ሦስት ቀን ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ ስከፍት ሰነበትኩ። የተገኘው አርባ ሰከንድ ያህል ነው። አቶ ላሚሶ ንግግራቸውን አቋርጠው ያቺን ዶሮ ከዚህ አባሩልኝ ይላሉ፣ የሆነ ልጅ ይስቃል፣ ያልቃል። እትዬ አማረች ሰምታው ሳቀች፣ እየሳቀችም እንባዋ ወረደ። ከዚያ እጄን ይዛ ሐይቅ ዳር ወሰደችኝ። የተጠበሰ አሳ በዳጣ አዘዘችልኝ። «ብላ፣ ፊትህ ገርጥቷል። ያንተ ጥፋት አይደለም፣ ራስህን አታስጨንቅ» አለችኝ። እሾሁን እየለቀመች ታቀርብልኛለች። እኔም በላሁ። ዳጣው አፌን ሲያቃጥለኝ፣ ዓይኔ እንባ ሲያቀር፣ የሐዘን እንባ መስሏት ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

በዓመቱ ሌላ ሥራ አገኘሁና ለቀቅኩ። ከተማው ትንሽ ነው፤ እሷ የምታልፍበትን መንገድ መሸሽ ግን ይቻላል። ሙያዬን ተማርኩ፤ ዛሬ ሰዎች ከዲስክ በፊት እኔን ያምናሉ። የሁለት ማሽን ጽሑፍ አንድ ቦታ የሚያርፍበት ሥራ ሲመጣ ከሁሉም በላይ የምጠነቀቅ፣ በጣም የምጨቀጭቅ ሰው ነኝ። ወጣቶቹ «ጋሽ ዳዊት ይፈራል» ይላሉ። ልክ ናቸው።

ውሸቴ ማንንም እንዳልጎዳ አድርጌ ነበር የኖርኩት። ድምፁ ጠፍቷል፤ ማን አጠፋው የሚለው ምን ይጠቅማል እያልኩ። መናኸሪያ ላይ ነው ያወቅኩት። አንድ ወንድም ለአሥራ ሰባት ዓመት እህቱ ባለችበት የአባቱን ስም አላነሳም።

ቅዳሜ ቱላ ሄድኩ። እትዬ አማረች በረንዳዋ ላይ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ደርሷል ማለቴን፣ አሮጊቷ ስትገባ ማወቄን፣ አዎ አዎ ማለቴን፣ ዲስኩን። እጇ ሥራውን አላቆመም።

«እሺ ብለኸኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። ሌላውን ሁሉ ትታ ያቺን «እሺ» ብቻ ነው ያነሳችው።

«ብዬሽ ነበር።»

ባቄላውን አስቀምጣ ተነሳች። «ተነስ። ለኔ መንገርህ አይበቃም።»

የበየነ ቤት ከሷ ቤት ሩቅ አይደለም። ጉልበቷን እያመማት ከፊቴ ሄደች። ጋሽ በየነ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ቆሜ እንደገና ከመጀመሪያው ተናገርኩ። አልተቆጡም። አንድ ጊዜ ብቻ «ማሽኗ አይደለም?» አሉኝ።

«አይደለም ጋሽ በየነ። እሷ ምንም አላጠፋችም። እኔ ነኝ።»

ወደ እህታቸው ዞሩ። «አማረች» አሉ። ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀመጧት። ከዚያ «አባባ ያኔ ምን ምን አወራ?» ብለው ጠየቋት። እሷም የምታስታውሰውን መናገር ጀመረች፤ ብዙውን ረስታዋለች፤ እያቋረጠች፣ እየተመለሰች ትናገራለች። አንድ ቦታ ላይ ቅድመ አያታቸው ከየት ተነስቶ እዚህ እንደ ሰፈረ የሚለው ጠፋባትና ቆመች። ጋሽ በየነ ቀና ብለው ወደኔ አዩ።

«አንተም ዘጠኙንም ቀን ነበርክ አይደል? እዚህ ላይ ምን አለ?»

አላውቅም። ዘጠኝ ቀን ከአቶ ላሚሶ አጠገብ ተቀምጫለሁ፤ የማየው የመቅጃዋን ቀይ መብራት ነበር፤ ባትሪው እንዳያልቅ፣ ነፋሱ እንዳይገባ። መቅጃዋ እየያዘችው ነው ብዬ እኔ አንዲት ቃል አልያዝኩም። ለሁለቱ ያረጁ ልጆቻቸው የምመልሰው አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ የለኝም ነበር። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልሰደቡኝም። መልስ እንደሌለኝ ሲያዩ ፊታቸውን መልሰው እርስ በርሳቸው መፈለጋቸውን ቀጠሉ፤ እኔም በሩ ላይ ቆሜ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ አቶ ላሚሶ ምን እንዳሉ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳመጥኩ።